የባድሜንተን የልጊያ ሕግና ስልት፤ የስያሜና የብያኔ ጥያቄ

አንድን የስፖርት ደንብ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ በውጭ ሲታይ ቀላል ሥራ ይመስላል። ደንቡ አጭር ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹም ረቂቅ ሐሳብ የተሸከሙ አይደሉም። ይሁን እንጂ የደንብ ቋንቋ ከሥነ ጽሑፍ ቋንቋ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው። በሥነ ጽሑፍ አንድ ቃል ያለ ቦታው ቢገባ አንባቢው ከዐውዱ ሊያቃናው ይችላል፤ በደንብ ውስጥ ግን የተሳሳተው ቃል ራሱ ሕግ ሆኖ ይሠራል። ዳኛው የሚፈርደው፥ ተጫዋቹም ነጥብ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚያ ቃል መሠረት ነው።

ለዚህ አባባል ጥሩ ምስክር ሆኖ ያገኘነው የባድሜንተንን ጨዋታ የማስጀመሪያ ምት የሚመለከተው ሕግ ነው። ሕጉ በጥቂት አንቀጾች የተወሰነ ሲሆን፥ የአካል ክፍልን፥ የእንቅስቃሴን፥ የጊዜንና የቦታን ቃላት ሁሉ በአንድነት ይጠቀማል። በዚህ ጽሑፍ ሕጉንና ከሕጉ የሚመነጩትን የአጨዋወት ስልቶች እየገለጽን፥ በየደረጃው ለሚያጋጥሙን ፅንሰ ሐሳቦች ተስማሚ ናቸው ያልናቸውን የአማርኛ ስያሜዎች ከነምክንያታቸው እናቀርባለን።

1. ስለ ጨዋታው ስምና ስለ ሜዳው

ባድሜንተን የቦታ ስም ነው። ስሙ የተወሰደው በእንግሊዝ አገር በግሎስተርሻየር ከሚገኘው የቦፎርት መሳፍንት መኖሪያ ከባድሜንተን ቤት ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ በሕንድ አገር በፑና ከተማ የሰፈሩ የእንግሊዝ መኰንኖች ያዘወትሩት ስለ ነበር፥ ጨዋታው ፑና ተብሎም ተጠርቷል። የእንግሊዝ ባድሜንተን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1893፥ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1934 ተቋቋሙ፤ ይኸው ፌዴሬሽን በ2006 ስሙን ለውጦ የባድሜንተን ዓለም ፌዴሬሽን ተብሏል። ጨዋታው ሙሉ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ውድድር የሆነው በ1992 በባርሴሎና ነው።

«የመረብ ኳስ»፥ «የቅርጫት ኳስ»፥ «የጠረጴዛ ቴኒስ» የሚሉት ስያሜዎች በቀላሉ ሊለመዱ የቻሉት የየጨዋታውን መሣሪያ ወይም ቦታ ስለሚገልጹ ነው። ባድሜንተን ግን የሚተረጐም ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ስሙን እንዳለ መዋስ ይገባል።

ሜዳው 13.40 ሜትር ርዝመት አለው። ወርዱ ለጥንድ ጨዋታ 6.10 ሜትር፥ ለነጠላ ጨዋታ 5.18 ሜትር ነው። መረቡ በመካከሉ 1.524 ሜትር፥ በሁለቱ ጫፎቹ 1.55 ሜትር ከፍታ አለው። ከመረቡ በ1.98 ሜትር ርቀት ላይ በግራና በቀኝ የፊት መስመር ይሠመራል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ቦታ በመካከለኛ መስመር ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ዐይነት የሚገኙትን ክፍሎች «የልጊያ ክልል» ብለናቸዋል። «ክልል» የሚለውን የመረጥነው በእግር ኳስ «የፍጹም ቅጣት ምት ክልል» እየተባለ ስለ ተለመደ ነው፤ «ሜዳ» ግን ለጠቅላላው ቦታ መቅረት አለበት።

2. «ሰርቪስ»ን በምን እንተካው?

ለማስጀመሪያው ምት አራት አማራጮች ቀርበው ሊመዘኑ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «ሰርቪስ» ወይም «ሰርቭ» የሚለውን መዋስ ነው። በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ በመሆኑ ጥቅም አለው። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፥ «ሰርቪስ» በከተማ አማርኛ የሠራተኛ ማመላለሻ መኪና ስም ሆኗል። ሁለተኛ፥ ቃሉ አይረባም፤ «ሰርቭ አደረገ»፥ «ሰርቭ አድራጊ»፥ «ሰርቭ የተደረገለት» እያልን በረዳት ግሥ ካልደገፍነው ሊራመድ አይችልም።

ሁለተኛው «አገልግሎት» ነው። ይህ ቃሉን እንጂ ፅንሰ ሐሳቡን ያልተረጐመ ነው። «የአገልግሎት መስመር» የሚል ሐረግ ያነበበ ሰው የስልክ ወይም የመብራት መስመር እንጂ የጨዋታ ሜዳ አይታሰበውም።

ሦስተኛው «የማስጀመሪያ ምት» ነው። ገላጭ ነው፤ «ቅጣት ምት»፥ «የማዕዘን ምት» ከሚሉትም ጋር ይዛመዳል። ለብያኔ የሚመች ሲሆን ለስያሜ ግን ረጅም ነው። «የማስጀመሪያ ምት መምቻ ክልል»፥ «አጭር የማስጀመሪያ ምት መስመር» ወደሚሉ ሐረጎች ስንደርስ፥ አጭሩ ምቱ ይሁን መስመሩ ለመለየት ያስቸግራል።

አራተኛውና የተስማማንበት «ለጋ» ከሚለው ግሥ የሚገኘው «ልጊያ» ነው። «ለጋ» በገና ጨዋታም ሆነ በእግር ኳስ ኳስን መትቶ መስደድን ያመለክታል። እርባታውም እንደ «ወጋ» ነው፤ «ወጋ» ብለን «መውጋት»፥ «ወጊ»፥ «ውጊያ» እንደምንል ሁሉ፥ «ለጋ» ብለን «መለጋት»፥ «ለጊ»፥ «ልጊያ» ልንል እንችላለን። ከአንድ ሥር የድርጊቱን፥ የአድራጊውንና የቦታውን ስም ማግኘት ለሙያ ቃላት ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። ቅቤንና ወጣትን የሚገልጸው «ለጋ» ከግሡ ጋር በጽሕፈት አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ቅጽል ሌላው ግሥ ስለ ሆነ ዐውዱ ይለያቸዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «ለጋ» በተራ ንግግር ማንኛውንም ብርቱ ምት ሲያመለክት ልጊያው በባድሜንተን የዝግታ ምት ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ሆኖም ተራ ቃል ወደ ሙያ ሲገባ ትርጉሙ መጥበቡ የታወቀ ነው። «ነጥብ» በጽሕፈት ላይ ያለ ጠብታ መሰል ምልክት ከመሆን አልፎ የውድድር ውጤት መቍጠሪያ ሲሆን ማንም አልተደናገረም። ለሌላው ምት ሁሉ «ምት» የሚለው ስለሚቀር፥ «ልጊያ» ለማስጀመሪያው ብቻ ሊወሰን ይችላል።

3. ልጊያ መቼ ይጀመራል? መቼስ ያበቃል?

ተራው ተናጋሪ «ለጋ» ሲል ኳሱ ተመትቷል ማለቱ ነው። በሕጉ ግን ልጊያ መነሻና መድረሻ ያለው ሂደት ነው። ለጊውና ተቀባዩ ከተዘጋጁ በኋላ፥ የራኬቱ ራስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት ሲንቀሳቀስ ልጊያው ይጀመራል። ራኬቱ ላባ ኳሱን ሲመታ፥ ወይም ለጊው ለመምታት ሞክሮ ሲስተው ልጊያው ተፈጸመ ይባላል። ስለዚህ «ለጋ» በሕጉ ቋንቋ መሳትንም ይጨምራል፤ የሳተ ለጊ «ገና አልለጋሁም» ብሎ ሊከራከር አይችልም፤ ምልልሱን ተሸንፏል። መዝገበ ቃላታችን ይህን ልዩነት ካላሰፈረ፥ ተርጓሚው «ልጊያው በተፈጸመ ጊዜ» የሚለውን «ኳሱ በተመታ ጊዜ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ በዚህም አንድ የስሕተት ዐይነት ከሕጉ ውስጥ ይጠፋል።

በመነሻውና በመድረሻው መካከል ራኬቱ ወደ ፊት መሄዱን ማቋረጥ የለበትም። ጀምሮ ማቆም፥ ወይም ተቀባዩን ለማሳሳት ራኬቱን ወደ ፊት ልኮ መመለስ ስሕተት ነው። እዚህ ላይ «ያለ ማቋረጥ» የሚለው «በፍጥነት» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። እጅግ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ፥ እስካልቆመ ድረስ፥ ሕጋዊ ነው።

ለጊው ተቀባዩ ሳይዘጋጅ አይለጋም። ነገር ግን ተቀባዩ ኳሱን ለመመለስ ከሞከረ እንደ ተዘጋጀ ይቈጠራል። ዝግጁነት የልብ ነገር ስለ ሆነ፥ ሕጉ በሚታይ ድርጊት እንዲረጋገጥ አደረገው ማለት ነው።

4. እግርና ወገብ

የአካል ክፍሎች ስም በየቋንቋው አንድ ዐይነት ክፍፍል የለውም። አማርኛ «እግር» ሲል ከጭን ጀምሮ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይና በታች ያለውን በሁለት ስም ይለያል። ሕጉ የሚለው፥ ልጊያው ከተጀመረበት አንሥቶ እስኪፈጸም ድረስ፥ የለጊውም የተቀባዩም የሁለቱ እግሮች የታችኛ ክፍል በከፊል መሬቱን እንደ ነካና ከቦታው ሳይነቃነቅ ይቈይ ነው። ይህን «እግሩን አያንቀሳቅስም» ብለን ብንመልሰው፥ ጉልበቱን ያጠፈ ወይም ተረከዙን ብድግ ያደረገ ተጫዋች በትርጕም ስሕተት ይቀጣል። ስለዚህ «የሁለቱም ውስጠ እግሮቹ ከፊል ከመሬት ሳይለቅና ከቦታው ሳይንሸራተት» ማለትን መርጠናል። የልጊያ ክልሉን የሚያዋስኑትንም መስመሮች መርገጥ ክልክል ነው።

የወገብ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ቀደም ሲል የነበረው ሕግ ላባ ኳሱ በሚመታበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ከለጊው ወገብ በታች እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ወገብ የሚባለው የት ነው? አማርኛ ተናጋሪ ወገቡን አሳይ ቢባል መቀነት ወይም ቀበቶ የሚታሰርበትን ቦታ ያመለክታል። ሕጉ ግን ወገብን ከመጨረሻዋ የጎን አጥንት የታችኛ ጫፍ ትክክል በአካል ዙሪያ እንደ ተሠመረ ሐሳባዊ መስመር አድርጎ በይኖት ነበር። ይህ ከቀበቶው ከፍ ያለ ነው። ሕጉ ተራውን ቃል ወስዶ የራሱን ወሰን ሰጠው ማለት ነው፤ «ወገብ»ን ያለ ብያኔው የተረጐመ ሰው ለለጊው የተፈቀደውን ከፍታ ይቀንስበታል።

ብያኔው ከተሰጠ በኋላም ክርክሩ አላለቀም። መስመሩ በልብስ ሥር የተሸፈነ ስለ ነበር፥ የልጊያ ዳኛው በዐይን ግምት መፍረድ ግድ ሆነበት። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2018 ፌዴሬሽኑ መለኪያውን ከአካል ወደ ሜዳ አዛወረው፤ ላባ ኳሱ በሚመታበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ከመሬት 1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት ተባለ። አዲሱ ሕግ ለሁሉም አንድ በመሆኑ ለዳኛው ቀለለው፤ ረጅሙ ተጫዋች ግን ጉልበቱን ማጠፍ ወይም እጁን ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ተገደደ። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትምህርቱ ግልጽ ነው። «ልጊያ፤ ከወገብ በታች የሚመታ ምት» ብሎ የበየነ መዝገብ በ2018 አረጀ፤ «ልጊያ፤ ምልልስን የሚያስጀምር ምት» ያለው ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል። ብያኔ የፅንሰ ሐሳቡን ባሕርይ እንጂ በየጊዜው የሚለዋወጠውን ገደብ መያዝ የለበትም፤ ገደቡ የሚሰፍር ከሆነ ከነዓመቱ ይስፈር።

5. ቡሽና ላባ

የመጫወቻው ስም በእንግሊዝኛ «ሹትልኮክ» ወይም ባጭሩ «ሹትል» ነው። እኛ በ«መረብ ኳስ» አምሳያ «ላባ ኳስ» ብለነዋል። ላባ ኳስ ክብ ባይሆንም «ኳስ» በአማርኛ የቅርጽ ብቻ ሳይሆን የመጫወቻነትም ስም ስለ ሆነ አያስቸግርም። 16 ላባዎች በአንድ ክብ ራስ ላይ ተተክለው ይሠራል፤ ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው።

ላባዎቹ የተተከሉበትን ክፍል «መሠረት» ማለት በቀጥታ ትርጕም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ላባ ኳስ ሲበር ይህ ክፍል ከፊት የሚቀድም እንጂ ከሥር የሚሆን አይደለም፤ «መሠረት» ደግሞ በአማርኛ ከሥር ያለውን ያሳስባል። «ቡሽ» የሚለው፥ ከፈረንሳይኛ የመጣና ከጠርሙስ መክደኛ ጋር የተለመደ ቃል፥ ነገሩን በዐይን ያሳያል፤ ስለዚህ እሱን መርጠናል። ላባ ኳሱ ከሰው ሠራሽ ነገር የተሠራ ቢሆንም ስሙ ሊያገለግል ይችላል።

ይህ የስያሜ ጥያቄ ከሕጉ ጋር የተያያዘ ነው። ሕጉ የለጊው ራኬት በመጀመሪያ የሚነካው ቡሹን እንዲሆን ያዝዛል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ ያስፈለገበትን ምክንያት የጨዋታው ታሪክ ያስረዳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የማሌዥያ ተጫዋቾች የሆኑት የሲዴክ ወንድማማቾች ላባውን አስቀድመው በመምታት ኳሱ እየተንገዳገደ እንዲሄድ የሚያደርግ ልጊያ አስፋፍተው ነበር። ተቀባዩ አቅጣጫውን መገመት ስለ ተሳነው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከለከለው። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ2023፥ ለጊው ኳሱን ከመልቀቁ በፊት በጣቶቹ የሚያሽከረክርበት ሌላ ዘዴ ብቅ አለ፤ ፌዴሬሽኑም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በጊዜያዊ ውሳኔ አገደው። ተርጓሚው «በመጀመሪያ ቡሹን» የሚለውን «ቡሹን ብቻ» ብሎ እንዳይጽፈው መጠንቀቅ አለበት። ሕጉ የሚጠይቀው ቅደም ተከተልን ነው።

6. ስሕተትና ድጋሚ

«ፎልት» የተባለውን «ጥፋት» ማለት ከእግር ኳስ የመጣ ፈተና ነው። በእግር ኳስ ጥፋት በተጋጣሚ ላይ የሚፈጸም በደል ሲሆን ቅጣትን ያስከትላል። በባድሜንተን ግን ኳስን ከመስመር ውጭ መጣልም፥ መረብ ላይ ማስቀረትም፥ ሕግን ተላልፎ መለጋትም ሁሉ በአንድ ስም የሚጠራ ሲሆን፥ ውጤቱ ምልልሱን መሸነፍ ብቻ ነው። ነቀፋ የሌለበት «ስሕተት» ይስማማዋል።

«ሌት» የሚባለው ምልልሱ እንዳልነበረ ተቈጥሮ እንደገና እንዲጀመር የሚያዝ የዳኛ ቃል ነው። ለስሙ «ድጋሚ»፥ ለጥሪው «ድገም» ብለናል፤ የዳኛ ጥሪ አጭር መሆን አለበትና። እዚህ ላይ ከቴኒስ የሚመጣ አሳሳች ልማድ አለ። በቴኒስ መረቡን ነክቶ በትክክለኛው ክልል ያረፈ ማስጀመሪያ ምት ይደገማል፤ በባድሜንተን ግን እንዲህ ያለው ልጊያ የጸና ነው፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ ብያኔ የጠቀለለ መዝገበ ቃላት አንዱን ያሳስታል።

7. የልጊያ ስልት

ከላይ የተዘረዘሩት ገደቦች ሁሉ በአንድነት ሲታዩ አንድ ሐሳብ ይወጣቸዋል፤ ልጊያ የማጥቂያ መሣሪያ እንዳይሆን ተደርጎ የተቀረጸ ምት ነው። ከ1.15 ሜትር በታች የተመታ ኳስ በመካከሉ 1.524 ሜትር የሆነውን መረብ ለማለፍ ከ37 ሳንቲ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ሽቅብ የሚወጣ ኳስ ደግሞ ለተቀባዩ የቁልቁል ምት ዕድል ይሰጣል። በቴኒስ ለጊው አጥቂ ነው፤ በባድሜንተን ግን ለጊው የሚያስበው እንዴት እንደማይጠቃ ነው። ስለዚህ ስልቶቹን ስንሰይም ከጦርነት ቃላት መራቅን መርጠናል።

ስልቶቹን ኳሱ በሚያርፍበት ቦታና በሚሄድበት መንገድ ከፍለናቸዋል። «ቅርብ ልጊያ» መረቡን ለጥቂት አልፎ ከፊት መስመሩ አጠገብ የሚወርደው ነው። በእንግሊዝኛ አንዳንዱ «አጭር»፥ አንዳንዱ «ዝቅተኛ» ይለዋል፤ ሁለት ስም ለአንድ ነገር ስለ ሆነ አንዱን መያዝ ይበቃል። ብልኀቱ ኳሱ የጉዞውን ጫፍ ከመረቡ ወዲህ በለጊው በኩል ጨርሶ፥ መረቡን ሲሻገር ወደ ታች ማዘንበል እንዲጀምር ማድረግ ነው። የፊት መስመሩና መካከለኛው መስመር ወደሚገናኙበት ቦታ ቢላክ ተቀባዩ የሚመልስበትን ማዕዘን ያጠበዋል፤ ወደ ጎን መስመር ቢላክ ተቀባዩን ከመሃል ያርቀዋል፤ ነገር ግን ሰፊ ማዕዘን ይሰጠዋል።

«ሩቅ ልጊያ» ከፍ ብሎ ሄዶ ከኋላ መስመር አጠገብ በአቀባዊ የሚወርደው ነው። ላባ ኳስ በአየር ተቃውሞ ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚያጣ በጉዞው መጨረሻ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፤ ይህም ለመምታት ያስቸግራል። ስልቱ የሚያዋጣው በነጠላ ጨዋታ ነው። በነጠላ የልጊያ ክልሉ ጥልቀት 4.72 ሜትር ወርዱ 2.59 ሜትር ሲሆን፥ በጥንድ ጥልቀቱ 3.96 ሜትር ወርዱ 3.05 ሜትር ነው። የጥንድ የልጊያ ክልል በኋላ በኩል በ0.76 ሜትር ስለሚያጥር፥ ከፍ ብሎ የተላከ ኳስ ለተቀባዩ ጥሩ ሲሳይ ይሆንለታል።

ታዲያ በጥንድ ጨዋታ ተቀባዩ ቅርብ ልጊያን ብቻ ጠብቆ ወደ መረቡ እንዳይሮጥ ምን ያግደዋል? «የፍንጠራ ልጊያ» ነው። ለጊው ቅርብ ልጊያ የሚለጋ መስሎ፥ በመጨረሻው ቅጽበት በጣቶቹና በአንጓው ኳሱን ከተቀባዩ ራስ በላይ ፈንጥሮ ያሳልፈዋል። ይህ ሕጋዊ የሚሆነው ራኬቱ ሳይቆም ወደ ፊት እስከ ሄደ ድረስ ነው። የተከለከለው እንቅስቃሴን አቋርጦ ማታለል እንጂ ሐሳብን መደበቅ አይደለም። አራተኛው «ዝርግ ልጊያ» ሲሆን፥ ከመረቡ ብዙ ሳይርቅ በፍጥነት ወደ ተቀባዩ ገላ የሚላክ ነው፤ ተቀባዩ ከነቃ ግን በዚያው ፍጥነት ይመለሳል።

ለአመታት ዐይነቶች አማርኛ የራሱ ሀብት አለው። የእጅን ጀርባ «አይበሉባ» ይለዋልና፥ ራኬቱን በእጅ ጀርባ በኩል ልኮ መለጋትን «የአይበሉባ ልጊያ»፥ በመዳፍ በኩል መለጋትን «የመዳፍ ልጊያ» ማለት ይቻላል። የአይበሉባው እንቅስቃሴ አጭርና በገላ ፊት የሚፈጸም ስለ ሆነ ለቅርብና ለፍንጠራ ልጊያ ይመረጣል፤ የመዳፉ ለሩቅ ልጊያ ጉልበት ይሰጣል።

በመጨረሻም የነጥብ አቈጣጠር ስልትን እንደሚለውጥ እናስታውሳለን። እስከ 2006 ድረስ ነጥብ የሚያገኘው ለጊው ወገን ብቻ ነበር፤ በልጊያ የተሳሳተ ተጫዋች ተራውን እንጂ ነጥብ አያጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ምልልስ ነጥብ ስለሚያስገኝ፥ የተበላሸ ልጊያ ለተጋጣሚ የተሰጠ ነጥብ ነው። የለጊው ነጥብ ተጋማሽ ቍጥር ሲሆን ከቀኝ፥ ኢ-ተጋማሽ ሲሆን ከግራ ክልል ይለጋል፤ ዜሮ ከተጋማሽ ይቈጠራል።

8. የቀረቡት ስያሜዎች

ልጊያ፤ ምልልስን የሚያስጀምር ምት። ግሡ ለጋ።
ለጊ፤ ልጊያውን የሚፈጽም ተጫዋች።
ተቀባይ፤ ልጊያው የሚላክለት ተጫዋች።
የልጊያ ክልል፤ ለጊው የሚቆምበት፥ እንዲሁም በሰያፍ ትይዩ ኳሱ እንዲያርፍበት የተወሰነው የሜዳ ክፍል።
የፊት መስመር፤ የልጊያ ክልልን በመረቡ በኩል የሚወስን መስመር።
ምልልስ፤ ከልጊያ ጀምሮ ኳሱ ከጨዋታ እስኪወጣ ድረስ ያለው የምት ቅብብል።
ላባ ኳስ፤ ቡሽና ላባ ያለው የባድሜንተን መጫወቻ።
ቡሽ፤ ላባዎቹ የተተከሉበት የላባ ኳስ ራስ።
ስሕተት፤ ምልልስን የሚያሳጣ ማንኛውም ጉድለት።
ድጋሚ፤ ምልልስ እንዳልነበረ ተቈጥሮ እንደገና መጀመሩ።
ቅርብ፥ ሩቅ፥ የፍንጠራ፥ ዝርግ ልጊያ፤ አራቱ የልጊያ ስልቶች።
የአይበሉባ ልጊያ፥ የመዳፍ ልጊያ፤ ሁለቱ የአመታት ዐይነቶች።

ስያሜ ጸንቶ የሚኖረው በአንደበት ሲለመድ ነው። ከእነዚህ ቃላት መካከል በሜዳ ላይ የተጫዋችና የዳኛ አንደበት የማይቀበለው ቢኖር፥ አሠልጣኞችና ተርጓሚዎች የሚጠቀሙበትን ቃል መዝግቦ ማነጻጸር የሚቀጥለው ሥራ ይሆናል። የሚለወጠው ስያሜው ሊሆን ይችላል፤ ብያኔው ግን ከሕጉ ጋር የተስማማ ሆኖ መገኘት አለበት።